ራስን ለሚፈልጥ ሕመም ከማጅራት በላይ የምትወጋ መርፌ

«ራሴን ፈለጠኝ» የሚል ሰው ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ተማሪው በፈተና ሰሞን፣ ጸሐፊው ከመዝገቡ ላይ ቀና ሲል፣ እናት ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ይህንኑ ቃል ይናገራሉ። አነጋገሩ የትናንት አይደለም። ደብተራዎች በብራና እየጻፉ በሽተኛው በአንገቱ እንዲያንጠለጥለው ይሰጡት በነበረው ክታብ ላይ «ፍልጸት» የሚባል ሕመም «ቁርጸት» ከሚባለው ጋር ተጣምሮ ይነበባል፤ ቁርጸት የሆድ ሲሆን ፍልጸት የራስ ነው። ቃሉም በግዕዝ «ፈለጸ»፣ ማለት ሰነጠቀ፣ ከፈለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የጥንት ግሪኮች በበኩላቸው ሕመሙ አዘውትሮ የራስን አንድ ወገን ብቻ እንደሚይዝ ስላስተዋሉ «ግማሽ ራስ ቅል» ብለው ሰየሙት፤ ያም ስም በፈረንሳዮች አንደበት ሲለዋወጥ ቆይቶ ዛሬ በየክሊኒኩ የምንሰማው «ማይግሬን» ሆነ።

ለዚህ ሕመም ክታቡም፣ ዳማከሴውም፣ ግንባርን በሻሽ ጠፍሮ ማሰሩም፣ ኪኒኑም ሲሞከርለት ኖሯል። ዛሬ የምናወሳው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ይኸውም ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ራስ ቆዳ ሽቅብ የሚወጣውን ነርቭ በማደንዘዣ መርፌ ለጊዜው ዝም ማሰኘት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሲያውቁት ግን ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል።

የቡና አገርና የራስ ምታት

ስለ ራስ ምታት ለመነጋገር ከቦንጋ የሚሻል ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን የምንደርስበት ይህ የካፋ ከተማ በጥቅጥቅ ደን መካከል የተቀመጠ ነው። ቡና በዱር የሚበቅልበት ይህ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም የተሠራው በዚሁ በቦንጋ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ራሱን ለሚያመው ሰው በመጀመሪያ የሚታዘዝለት መድኃኒት ቡና ቢሆን አያስገርምም። ካርድ ሳያወጣ፣ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ ጎረቤት ጠርታው አቦሉን ይጠጣል፤ ቶናው ሲቀርብ «አሁንስ ለቀቀኝ» ይላል።

ይህ የስሜት ነገር ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 እ.ኤ.አ. ከቡና ፍሬ ውስጥ ካፌይን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። (ለምርምር የሚሆነውን ቡና የሰጠው ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነበር፤ ባለቅኔዎች ለሕክምና ምን ሠሩ ለሚል ሰው መልስ ትሆናለች።) ካፌይን በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባለውን፣ እንቅልፍ የሚጋብዘውንና የደም ሥሮችን የሚያሰፋውን ንጥረ ነገር መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። ከአስፒሪንና ከፓራሲታሞል ጋር ሲቀላቀልም የማስታገስ ኃይላቸውን በመጠኑ ያሳድጋል። ስለዚህም በብዙ የራስ ምታት ኪኒኖች ውስጥ ካፌይን ተጨምሮ ይገኛል፤ መድኃኒት ቀማሚው የጎረቤታችንን ጀበና በኪኒን አሽጎ ይሸጥልናል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ቡና እንደሚያስታግስ ሁሉ ያሳምማል። በቀን ከ200 ሚሊግራም የበለጠ ካፌይን ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው በድንገት ቢተው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ያለው ምታት 100 ሚሊግራም ካፌይን ቢያገኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ ባያገኝም በሰባት ቀን ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጧትም ማታም ለሚጠጣ ሰው 200 ሚሊግራም ሩቅ ቁጥር አይደለም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሠራተኛ እኩለ ቀን ላይ ራሱን ቢያመው ረኀቡና የቀረው ቡና ተባብረው እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። ማይግሬን ላለበት ሰው ደግሞ ሁለቱም ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ናቸው። ስለዚህ የቡናው ራስ ምታትና ማይግሬን በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሲገኙ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ለሐኪሙም ቀላል አይሆንም።

ሰበብ ያልሆነ ሕመም

ማይግሬን ተራ ራስ ምታት አይደለም። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ሆኖ ከልብ ትርታ ጋር እየዘለለ ይመታል፤ ደረጃ መውጣት ያብሰዋል፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ምታቱ ሳይጀምረው በፊት እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ የሚብለጨለጭ መስመር በዓይኑ ላይ ይሄድበታል። ይህ ምልክት ከ5 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ያልፋል። ሐኪሞች ምክንያቱን ሲያስረዱ ብራዚላዊው ሳይንቲስት ሌያኦ በ1944 እ.ኤ.አ. በጥንቸል አንጎል ላይ አይቶ የጻፈውን፣ በአንጎል ገጽ ላይ ቀስ እያለ የሚስፋፋውን የኤሌክትሪክ ማዕበል ይጠቅሳሉ። ያን መስመር አይቶ «ዓይነ ጥላ ነው» የተባለ ስንት ወጣት ይኖር ይሆን?

የዚህ ሕመም ትልቁ ክፋቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው። እግሩ የተሰበረ ጸሐፊ ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው ይፈርምለታል፤ ራሱን የሚያመው ግን «ትናንት ደኅና አልነበርክም ወይ?» ይባላል። ተማሪዋም በጨለማ ክፍል ተኝታ የዋለችበት ቀን በመምህሩ መዝገብ ላይ ያው «ቀሪ» ተብሎ ነው የሚጻፍ። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል፤ የሚበረታውም ሰው ለትምህርትና ለሥራ በሚደርስበት ዕድሜ ነው።

በአገራችን ይህን ሕመም ከቤት ቤት እየዞሩ ካስቆጠሩት ሊቃውንት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በግንባር ይጠቀሳሉ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር በ15,500 ሰዎች ላይ አድርገው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ማይግሬን ያለባቸው ከመቶ 3 ሰዎች ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመውና እርሳቸውም የተካፈሉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 2,400 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ ቁጥሩን ከመቶ 17.7 አድርሶታል። በሃያ ዓመት ውስጥ በሽታው ስድስት እጥፍ አደገ ለማለት አልደፍርም፤ የመጠየቂያው ስልትና የተጠያቂዎቹ ስፍራ የተለያየ ነበር። ይሁንና ሁለተኛው ቁጥር ለእውነቱ የቀረበ ከሆነ፣ ሠላሳ ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት አምስቱ የዚህ ሕመም ተካፋዮች ናቸው ማለት ነው።

ኪኒን ሲበዛ

የቡናውን ነገር ከላይ አይተናል። የኪኒኑም ጠባይ ከዚያ የራቀ አይደለም። ራስ ምታት ያለበት ሰው ፓራሲታሞል፣ አስፒሪን ወይም ዲክሎፌናክ በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ እየዋጠ ከሦስት ወር ቢያልፍ፣ ያው ማስታገሻ ራሱ የራስ ምታት ምክንያት ሊሆንበት ይችላል። ካፌይን ለተቀላቀለባቸውና ለኤርጎታሚን ደግሞ ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ በወር 10 ቀን ይበቃል። ሰውየው ስለሚያመው ይውጣል፤ ስለሚውጥ ያመዋል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው ኪኒኑን በማቆም ነው፤ ነገር ግን ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምታቱ ስለሚብስበት ብዙው ሰው ሳይዘልቅ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመለሳል። መርፌዋ ከሁሉ ይልቅ የምትረዳው በዚህ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሞችም እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ይጠቀሙባታል።

መርፌዋ እንዴት ትሠራለች?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በአገራችን መርፌ እጅግ የተወደደ ሕክምና ነው፤ መርፌ ሳይወጋ ከክሊኒክ የወጣ ሰው የታከመ አይመስለውም። ራሱን አሞት ታፋው ላይ የተወጋ አንባቢም ይኖራል። ያ መርፌ ከደም ጋር ተቀላቅሎ መላ ሰውነትን የሚዞር ማስታገሻ ነው። የምንነጋገርባት ግን በአንዲት ነርቭ ዙሪያ ብቻ የምትቀር ናት።

አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ለይቶ የማደንዘዝ ታሪክ የጀመረው በቪየና ነው። ወጣቱ የዓይን ሐኪም ካርል ኮለር በ1884 እ.ኤ.አ. ኮኬይንን ዓይን ላይ ጠብ አድርጎ ሕመምተኛው ሳይሰማው ቀዶ ማከም እንደሚቻል አሳየ። ኮኬይን ግን ሱስ የሚያሲዝና ልብን የሚጎዳ ስለ ነበር ሌላ ሲፈለግ ቆይቶ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሎፍግሬን ሊዶካይንን ሠራ። ሊዶካይን ሱስ አያስይዝም። ዛሬ ቁስል ሲሰፋ፣ ጥርስ ሲነቀል በመርፌ የሚሰጠን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ለማይግሬንም የሚወጋው እርሱ፣ ወይም ረዘም ላለ ሰዓት የሚያደነዝዘው ወንድሙ ቡፒቫኬይን ነው።

የሚደነዝዘው ነርቭ ከሁለተኛው የአንገት አጥንት አካባቢ ተነሥቶ፣ የማጅራትን ሥጋ በስቶ፣ እስከ አናት ድረስ የራስን የኋላ ቆዳ ስሜት የሚያደርስ ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ የሚያመኝ ግንባሬንና ከዓይኔ ኋላ ሆኖ ሳለ ማጅራቴን መውጋት ምን ይጠቅማል? መልሱን ከካፋ ወንዞች እንውሰድ። ከሁለት ሸለቆ የሚወርዱ ሁለት ጅረቶች ጎጀብ ውስጥ ይገባሉ እንበል፤ አንደኛው ቢገደብ ወንዙ ከታች ይጎድላል። እንደዚሁም የፊትንና የግንባርን ስሜት የሚያመጣው ነርቭና ከማጅራት የሚመጣው ነርቭ ከአንጎል ግንድ በታች፣ ከላይኛው የአንገት ሕብለ ሠረሠር ዘንድ በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ከኋላ የሚመጣው መልእክት ለጥቂት ሰዓት ሲቋረጥ፣ ሲንጫጫ የነበረው መገናኛ ስፍራ ይረጋጋል፤ የግንባሩም ሕመም አብሮ ይበርዳል። የሚያስደንቀው፣ ድንዛዜው በጥቂት ሰዓት ሲለቅ እፎይታው በብዙ ሰዎች ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መቆየቱ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል። ሐኪሙ ከራስ ቅል በስተኋላ በመካከል በጣት የምትዳሰሰውን የአጥንት ጉብታ ያገኛል፤ ቀጥሎ ከጆሮ ኋላ ያለውን አጥንት። በሁለቱ መካከል መስመር ቢሰመር፣ ከመካከለኛዋ ጉብታ ተነሥቶ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሄዱ የነርቩ መንገድ ነው። እዚያው አጠገብ የሚዘል የደም ሥር ስላለ ሐኪሙ በጣቱ ትርታውን ይፈልጋል፤ ሥፍራውን በአልኮል ይጠርጋል፤ ቀጭን መርፌ አስገብቶ ደም ሥር አለመወጋቱን ለማረጋገጥ ስሪንጁን ወደ ኋላ ይስባል፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሊትር ያህል መድኃኒት ቀስ አድርጎ ይጨምራል። ሁሉም ነገር ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ወዲያው የራስ ቆዳው ይደነዝዛል፤ በዚያ ቀን ፀጉሩን የሚያበጥር ሰው ማበጠሪያው የሌላ ሰው ራስ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። አንዳንዱን ስለሚያዞረው ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ቢቆይ ይሻላል።

መርፌዋ ተአምር አይደለችም። በ2015 እ.ኤ.አ. የቱርክ ሐኪሞች ሥር በሰደደ ማይግሬን ላይ ደጋግመው ወግተው የምታቱ ቀናት ቀነሱ ሲሉ፣ በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠች መርፌ ከባዶ መርፌ የተሻለ ውጤት አላሳየችም አለ። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ለማስታገስ ግን ማስረጃው ጠንክሯል። የአሜሪካ የራስ ምታት ማኅበር በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማይግሬን ይዞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ለሚመጣ ሰው ይህች መርፌ እንድትቀርብለት በከፍተኛው ደረጃ መክሯል። እርጉዝና የምታጠባ እናትም ብዙ ኪኒን በተከለከለችበት ጊዜ ሊዶካይን ብቻውን ሲሰጣት ከሌሎቹ ይልቅ የማያሰጋ ሆኖ ይቆጠራል።

የማይወጉም አሉ። ለማደንዘዣ መድኃኒት ሰውነቱ የሚቆጣ፣ ከኋላው የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና የተነሣለት፣ በሚወጋበት ስፍራ ላይ ቁስል ወይም መግል ያለበት ሰው መርፌዋን አይወስድም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። አንዳንድ ሐኪም ከማደንዘዣው ጋር ስቴሮይድ ይጨምራል፤ ስቴሮይድ በተወጋበት ቦታ ላይ ፀጉር ሊያስመልጥና የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህ ሁሉ በሠለጠነ እጅ ለሚደረግ ነው። ስሪንጅ በኪሱ ይዞ ከቤት ቤት ለሚዞር መርፌ ወጊ ማጅራትን መስጠት ግን በደም ሥርና በነርቭ መቀለድ ነው።

ከቦንጋ የት ይኬዳል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ቢጨምርም ለአገሩ ስፋት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በዋና ከተማው ይገኛሉ። የካፋ ሰው ለራስ ምታት ብሎ 460 ኪሎ ሜትር ይሂድ ማለት ደግሞ መንገዱ ራሱ ሕመም ሆኖበት ይድረስ ማለት ነው። ከቦንጋ ጅማ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያም የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል አለ። በቦንጋም የገብረ ጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ለዚህች መርፌ የሚያስፈልገው መድኃኒት ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ቤት ሁሉ የማይጠፋ ነው፤ መሣሪያውም ስሪንጅና ቀጭን መርፌ ብቻ ነው። ለእናቶች በወገብ ላይ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ይህን ከዚያ እጅግ የቀለለ ሥራ ለመማር ብዙ ቀን አይፈጅበትም። የጎደለው ማይግሬንን ከሌላው ራስ ምታት የሚለይ ጆሮና የነርቩን መንገድ የሚያውቅ ጣት ነው። ሐኪም ለመሆን የምትማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ብታስቡበት ከአገር ቤት ርቆ ለሚመደብ ሰው ትልቅ ስንቅ ነው።

ሕመምተኛው በበኩሉ ሁሉን ከመርፌዋ አይጠብቅ። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የሚባሉት ርካሽ ኪኒኖች በየቀኑ ሲወሰዱ የምታቱን ብዛት ይቀንሳሉ፤ የትኛው ለማን እንደሚስማማ ሐኪሙ ይወስናል፤ ለምሳሌ አስም ላለበት ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም። ደግሞም ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አይደለም። በጎጀብ ቆላ አድሮ የመጣ ሰው ትኩሳት ከጨመረበት ደሙ ለወባ ይመርመር። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ ምታት፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ፣ ከ50 ዓመት በኋላ መጀመሪያ የታየ ምታት፣ በእርግዝና ጊዜ የዓይን መጋረድ ያለበት ምታት፣ እነዚህ ቡናም መርፌም ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ናቸው።

ለቀሩት ግን ከሐኪም ዘንድ ከመቅረብ በፊት አንድ ወር ያህል የሚሠራ ሥራ አለ። አንድ ተራ ደብተር ይገዛል፤ ምታቱ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው ወገን፣ የቆየበት ጊዜ፣ በዚያ ቀን የተዋጠው ኪኒን ስምና ብዛት፣ የታለፈ ምግብ፣ የጎደለ እንቅልፍ፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን ይጻፍበታል። ይህን ደብተር ይዞ የገባ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ግማሹን ምርመራ ሠርቶለት ነው የሚገባ። የተጠጣውም ቡና በስኒ እየተቆጠረ ይጻፍ፤ በረካውም ጭምር።